በመውረጃው ላይ ተነካክተው ስለቆሙት ሁለት መኪኖች

የምስክር ቃል

ምስክር፦ የተጠርጣሪዋ አባት፤ በመኖሪያ ግቢው «ጋሽ ካንዴላ» በሚለው መጠሪያ የሚታወቁ
ዕድሜ፦ ሃምሳ ስምንት
ሥራ፦ የወንዶች ልብስ ሰፊ
አድራሻ፦ ባለ ሦስት ፎቅ የጋራ መኖሪያ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ በረንዳው ወደ መኪና መውረጃው የሚያይ ቤት
ጉዳዩ፦ ሆን ብሎ በሰው ንብረት ላይ ጉዳት ማድረስ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ
ቃል ተቀባይ፦ የጣቢያው መርማሪ

እኔ ምስክር ከላይ በተጻፈው አድራሻ ከባለቤቴና ከአንዲት ልጄ ጋር የምኖር ስሆን፣ ልጄ ባለፈው ቅዳሜ ፈጽማለች ስለተባለው ድርጊት የማውቀውን እንድናገር ተጠርቼ በፈቃዴ ቀርቤያለሁ። አባት ለልጁ ማድላቱ እንደማይቀር መርማሪው ነግረውኛል። እኔም እንደማዳላ አልክድም። ነገር ግን ያየሁትን በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ፤ የማስረዳውም ያንኑ ብቻ ነው።

የጉዳዩ መነሻ የሆነችው መኪና ሁለት በር ያላት ቀይ የስፖርት መኪና ስትሆን፣ በስሜ የተመዘገበች ነች፤ በዕድሜም ልጄን ትበልጣለች። ስገዛት አካሏ በአንድ ጭነት፣ ሞተሯ ለብቻው በሳጥን ነበር የመጣው። ባለቤቴ በዚያ ዕለት «ሰው መኪና ነድቶ ይገባል፣ አንተ መኪና ተሸክመህ ገባህ» ብላኛለች። ዛሬ ያቺው መኪና መንገድ ላይ ስትቆም ሰው ዞሮ ያያታል። ወንበሮቿን በራሴ የስፌት መኪና የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ የመሪዋን ቆዳ በእጄ በእጥፍ ስፌት ያለበስኩትም እኔ ነኝ። ሞላዎቿን አሳጥረን ዝቅ አድርገናታል። ማርሚታዋን ለውጠን ድምፅዋን አሳምረናል። (ምስክሩ ስለ መኪናዋ ካርቡሬተር ረዘም ያለ ማብራሪያ ሰጥተዋል። ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት ስለሌለው አልተጻፈም። ባለ ሁለት ካርቡሬተር መሆኗ ብቻ እንኳ ይጻፍልኝ ስላሉ ይኸው ተጽፏል።)

ፍሬኗ ከፋብሪካ አብሯት የመጣ አይደለም። ከእሷ እጥፍ ከሚከብድ የተጋጨ መኪና ላይ ነቅለን የገጠምነው ነው። ነቅለን ስል እኔና ልጄ ማለቴ ነው፤ እርግጡ ይነገር ከተባለ ግን ነቃይዋ እሷ ነች። እኔ ወገቤ ስለማይታጠፍልኝ ባትሪ እያበራሁላት እቆማለሁ፣ አስተያየትም እሰጣለሁ። የዲስኩን ማሰሪያ ብረት የለካችው፣ ያስቆረጠችው፣ የፍሬን ዘይቱን አየር ያስወጣችው እሷ ነች። ሥራዋን የሚያይ ሁሉ «ማን ሠራልህ?» ይለኛል። «ልጄ» ስል አፌን ሞልቼ ነው።

ይሁንና በቤታችን አንድ ሕግ ነበር። ልጄ መኪናዋን ትፈታለች፣ ትገጥማለች፣ ታጥባለች፣ ሞተርም ታስነሣለች፤ አትነዳትም። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ልጄ የከተማ አውቶቡስ ሹፌርነት ፈተና አልፋ በሚመጣው ሰኞ ሥራ ልትጀምር ተቀጥራለች። ፈተናውን ባለፈች ዕለት «አባዬ፣ ያን ሁሉ ሰው አሳፍሬ እንድነዳ ፈቅደውልኛል፤ ያንተን ሁለት ወንበር ግን አልታመንበትም?» አለችኝ። እኔም «ለአውቶቡሱ መለዋወጫ ሞልቷል፣ ለእሷ የለም» ብያት ነበር። አሁን አውቶቡስ ድርጅቱ ከወንጀል ነፃ መሆኗን የሚገልጽ ማስረጃ እስከ ዓርብ እንድታቀርብ ጠይቋታል። ይህ ክስ ካልተነሣ ማስረጃው አይሰጣትም፤ ሥራውም ይቀርባታል። እዚህ የመጣሁት በዚህ ምክንያት እንደሆነ መርማሪው እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ።

ስለ መኪና ማቆሚያው ተጠይቄ የሚከተለውን አስረድቻለሁ። ግቢያችን ከላይ ሜዳ አለው፤ ከሜዳው እስከ መውጫው በር ድረስ ደግሞ ቁልቁል የሚወርድ የኮንክሪት መውረጃ አለ። ሜዳው ለነዋሪው መኪና አይበቃም። ስለዚህ ዘግይቶ የገባ በሌላው ፊት ያቆማል። እንዲህ ያቆመ ሰው ማርሽ አውጥቶ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቆ ይሄዳል። መውጣት የፈለገ ጎረቤት መኪናውን በወገቡ ገፋ አድርጎ ይወጣል። ልጅ ያዘለች እናት ሳትቀር በዚህ ዓይነት ስትወጣ አይቻለሁ። ማንም ማንንም ሳይቀሰቅስ፣ ሳይሰዳደብ ለዓመታት ኖረናል።

የግል ተበዳይ ወደ ግቢያችን የገባው በቅርቡ ነው። ነጭና ቁመቱ ረጅም መኪና አለው። ልማዱን አልወደደውም። መኪናውን በማርሽ ቆልፎ፣ ፍሬኑን ስቦ፣ ስልኩን ዘግቶ ይተኛል። እኛ ደግሞ ጥሩምባ እየነፋን ፎቁን በሙሉ እናስነሣለን። እሱ ፒጃማውን ለብሶ ሲወርድ ደረጃውን አንድ በአንድ የሚቆጥር እስኪመስል አይቸኩልም። አንድ ጠዋት የሙሽራ ሱፍ ለማድረስ ስወጣ፣ በዚያ ሌሊት ሜዳው ላይ ባደረችው መኪናዬ ፊት ነጩ መኪና እንደ ግድግዳ ተገትሮብኝ፣ ሱፉን ከነመስቀያው ከፍ አድርጌ ይዤ ሙሽራው ቤት ድረስ በእግሬ ሮጫለሁ። ሙሽራው እኔን አይቶ የመጣው የሠርግ አጃቢ መስሎት ነበር።

በዚያ ዕለት ስመለስ በጎረቤት ሁሉ ፊት «አንድ ቀን ይህን መኪና እንደ ሰፊ ኮት ከግራና ከቀኝ አጠብበዋለሁ!» ብዬ ጮኬያለሁ። የግል ተበዳይ በክሱ ላይ ይህን ንግግር ቀድሞ የታሰበ በቀል ነው ብሎ አቅርቦታል። ማለቴ እውነት ነው። ቱግ ማለት አመሌ ነው፤ በሞተር እሳት መለኮሻው ስም ካንዴላ የተባልኩትም በዚሁ ነው። ከአፌ ግን አልፎ አያውቅም፤ የሰፋሁለት ሰው ሁሉ ይመሰክራል።

ከዚያ በኋላ የነዋሪዎች ስብሰባ ተጠርቶ የግል ተበዳይን ሁላችንም በአንድ አፍ ተናገርነው። ከሁሉ አብዝቼ የተናገርኩት እኔ ነኝ። እሱም በመጨረሻ «እሺ በቃ፣ እንደ እናንተው እለቀዋለሁ» አለ። ነገር ግን ልማዱ የሚሠራው በሜዳው ላይ ብቻ ነው። መውረጃው አፍ ላይ የሚያቆም ሰው ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬን ስቦ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ ማድረግ እንዳለበት ለእኛ ግልጽ ነው። ለእኛ ግልጽ ስለሆነ ለእሱ የነገረው ሰው የለም። እኔም አልነገርኩትም።

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እኔ በረንዳዬ ላይ ነበርኩ፤ ልጄ መኪናዋ ውስጥ ነበረች። መኪናዋ የምትቆመው በመውረጃው አጋማሽ፣ ከግድግዳው ጎን ባለው ጥግ ውስጥ፣ ፊቷን ወደ መውጫው በር አድርጋ ነው። ካርቡሬተር እያስተካከልን ነበር። ሞተር አጠገብ ቆሞ የሚሰማ ሰው ጩኸቱ ጆሮውን ይደፍነዋል። እኔ ከሁለተኛ ፎቅ ስሰማው ግን የትኛው እንደሚቀድም፣ የትኛው እንደሚጎተት ይለይልኛል። ስለዚህ እሷ ከታች ብሎኑን አዙራ ትገባና ነዳጅ ትሰጣለች፣ እኔ ከላይ በእጄ እነግራታለሁ። መዳፌን ወደ ላይ ካደረግሁ ጨምሪ፣ ወደ ታች ካደረግሁ ቀንሺ፣ ከጨበጥኩ ደግሞ ተይው፣ ደርሷል ማለት ነው። በዚያች ሰዓት ሞተሩ ጥርት ብሎ ዘይት እንደጠጣ የስፌት መኪና ይሠራ ነበር። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ እጄን ልጨብጥ ስል ነው ነገሩ የተፈጠረው።

የግል ተበዳይ ነጩን መኪና መውረጃው አፍ ላይ፣ ፊቱን ወደ ቁልቁሉ አድርጎ አቁሞ በእግሩ ወጥቷል። ጎረቤታችን የሆነው ጡረተኛ የሒሳብ መምህር መኪናውን ሊያወጣ መጣና ነጩን መኪና እንደ ልማዳችን በወገቡ ገፋ አደረገው። መኪናው እሺ ብሎ ሄደለት። መምህሩ ወደ እኔ ቀና ብሎ «ካንዴላ! ዛሬስ ሰው ሆኗል!» አለኝ። ፊቱን ገና ሳይመልስ የነጩ መኪና የፊት ጎማዎች ከሜዳው ጠርዝ አለፉ። መምህሩ የበሩን እጀታ ይዞ ለማስቆም ሞከረ፤ መኪናው ጎትቶ መሬት ላይ አስቀመጠው እንጂ አልቆመለትም። መኪናው ሰው ሳይኖርበት ወደ ታች መጣ።

ታች፣ መውጫው በር አጠገብ ባለው ቧንቧ ላይ አንዲት አሮጊት ብርድ ልብስ ያጥቡ ነበር። ዝቅ ባለች ዱካ ላይ ተቀምጠው ጀርባቸውን ለመውረጃው ሰጥተዋል። ጆሯቸው አይሰማም። የግል ተበዳይ እናት ናቸው።

ባለኝ ድምፅ «እማማ!» ብዬ ጮኬያለሁ። አልሰሙም። ልጄም በሞተሩ ድምፅ ምክንያት አልሰማችኝም። ነገር ግን የእጄን ምልክት እየጠበቀች ወደ እኔ ታይ ስለነበር፣ ሁለት እጄን ወደ ሽቅቡ ስዘረጋ አየች። ይህ በምልክታችን ውስጥ የለም። ወደ መስታወቷ ዞረች። ከዚያ በኋላ እኔን መልሳ አላየችኝም።

መኪናዋ ከጥጓ ዘልላ ወጥታ ከነጩ መኪና ፊት ገባች። እኔ መንገድ ዘግታ ትቆማለች ብዬ ነበር፤ እንደዚያ ብታደርግ ኖሮ ያ ክብደት እሷንም መኪናዋንም ጠራርጎ አሮጊቷ ላይ ይጥል ነበር። ልጄ ግን አልቆመችም። ከፊቱ ሆና አብራው ወረደች። ነጩ መኪና ቀስ በቀስ ደረሰባትና የኋላ ባምፐሯን ነካ። ልክ ሲነካ ፍሬን መያዝ ጀመረች፤ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ሰው ትከሻዋ ላይ እንደተደገፈ ዓይነት፣ እያስለመደች ያዘችው። የመኪናዋ ባምፐር ሲታጠፍ፣ የሻንጣው ክዳን ሲጨማደድ፣ መብራቶቹ ሲረግፉ ይሰማኛል። ጎማዎቿ ጨሱ። ከዚያ ከተጋጨው ከባድ መኪና የተነቀለው ፍሬን፣ ልጄ በገዛ እጇ የገጠመችው፣ ሁለቱንም መኪና ይዞ አቆመ። በመኪናዬ አፍንጫና በአሮጊቷ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ መካከል አንድ ጀሪካን ብቻ ነበር። አሮጊቷ ጭሱ ሲሸታቸው ዞር አሉና ልጄን አይተው «ምነው ልጄ፣ ውሃ ፈለግሽ?» አሏት።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ልጄ ከመኪናው ወጥታ በሩን ይዛ ቆማለች። የመጀመሪያ ቃሏ «አባዬ፣ ይቅርታ፣ ባምፐሯን…» የሚል ነበር። ያንን ባምፐር ከአሮጌ መኪና ተራ ፈልጌ ለማግኘት ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ ታውቃለች። እኔ ግን አቅፌያት በሰው ፊት አለቀስኩ። በሕይወቴ የኮራሁባቸው ብዙ ልብሶች ሰፍቻለሁ፤ ያቺን መኪናም ከሁሉ አስበልጬ ኮርቼባታለሁ። እንደዚያች ደቂቃ ግን ኮርቼ አላውቅም።

መርማሪው ልጅዎ መኪናውን እንድትነዳ ፈቅደውላት ነበር ወይ ብለው ጠይቀውኛል። አልፈቀድኩላትም። ለመጠየቅም ጊዜ አልነበራትም። ብትጠይቀኝ እምቢ እላት ነበር፤ እንኳንም አልጠየቀችኝ።

ጥቂት ቆይቶ የግል ተበዳይ መጣና ሁለቱን መኪኖች ተነካክተው ሲያያቸው በቀጥታ ወደ እኔ ዞሮ «እንዳሉት አደረጉት! በልጅዎ እጅ አስደረጉት!» አለ። ልጄ ከጥጓ ወጥታ ወደ ኋላ ሽቅብ እየነዳች መውረጃው አፍ ላይ የቆመውን መኪናውን እንደገጨችው፣ መኪናውም በዚያ ምክንያት ተናግቶ እንደወረደ ተናግሮ ይህንኑ ለጣቢያው አመለከተ። የሆነውን ብነግረው «እናቴን ለምን ታስገባላችሁ?» ብሎ ተቆጣ። እናቱ ተጠይቀው ምንም እንዳላዩ፣ ልጅቷ ውሃ ፈልጋ እንደመጣች ተናግረዋል። መምህሩም መኪናውን አልነካሁም ብሏል። እኔ ሲነካው አይቻለሁ። ደንግጦ ነው፤ ወዳጄ ነው፤ ሲረጋጋ ራሱ መጥቶ ይናገራል ብዬ አምናለሁ።

መርማሪው፣ ተጠርጣሪዋ ወደ ኋላ ነድታ አልገጨችም የሚሉት በምን ማስረጃ ነው፣ ከእርስዎ ቃል ሌላ ምን አለ ብለው ጠይቀውኛል። (ምስክሩ የክፍሉ በር እንዲዘጋ ጠይቀዋል። በሩ ተዘግቷል።)

መኪናዋ የኋላ ማርሽ የላትም። የኋላ ማርሹ ጥርስ ከተሰበረ ከርሟል። መለዋወጫው ስለማይገኝ ቶርኖ ቤት እንዲያወጡልን ሰጥተናል፤ እስከ ዛሬ አላደረሱልንም። ይህን የምናውቀው እኔ፣ ልጄና ባለቤቴ ብቻ ነን። ለጎረቤት ሁሉ መኪናዬ ከፋብሪካ ስትወጣ ከነበራት አንድ ነገር አልጎደላትም እያልኩ ደረቴን ነፍቼ ኖሬያለሁ። ማታ ስገባ እስከ ሜዳው ወጥቼ፣ ዞሬ፣ ከላይ ወደ ጥጓ የምገባው ወደ ኋላ መሄድ ስለማልችል ነው። ጎረቤቶቼ «ካንዴላ ሰልፍ ያሳየናል» ይላሉ። እኔም እንደዚያ እንዲመስላቸው ፈቅጃለሁ።

ከተማ ውስጥም ችግሬ ይኸው ነው። ባዶ ማቆሚያ እያየሁ ወደ ኋላ ገብቶ ማቆም የሚጠይቅ ከሆነ አልፌው እሄዳለሁ። ከእኔ ጋር የተሳፈረ ሰው «ይኸውልህ ቦታ!» ሲለኝ «ጥላ የለውም» እላለሁ። አንድ ጊዜ ከፊቴ ሌላ መኪና ገጥሞ ቆመብኝና ባለቤቱ ፀጉሩን ተቆርጦ እስኪወጣ ድረስ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት። ሰውየው አፍሮ «ወደ ኋላ ብለው አይወጡም ነበር?» ሲለኝ «የሚያስቸኩለኝ የለም» ብየዋለሁ። ለአንድ ደንበኛ ሱሪ ማድረስ ነበረብኝ። ይህ ሁሉ በምስጢር ቢያዝልኝ እወድ ነበር። ለልጄ የሚጠቅም ከሆነ ግን በግቢያችን በር ላይ በትልቁ ተጽፎ ይለጠፍ፤ ቅር አይለኝም።

(ቃሉ ለጊዜው ተቋርጦ፣ ቅዳሜ በጎታች መኪና መጥታ በጣቢያው ግቢ ፊቷን ወደ ግድግዳ አድርጋ የቆመችው ተሽከርካሪ ምስክሩና የግል ተበዳይ ባሉበት በጣቢያው የቴክኒክ ባለሙያ ተፈትሻለች። ሞተሩ ተነሥቷል። ወደ ፊት የሚያስኬዱት ማርሾች ሁሉ ገብተዋል። የኋላ ማርሹ ሲሞከር እጀታው ይሄዳል፤ ተሽከርካሪዋ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። የግል ተበዳይ አላምንም በማለቱ ራሱ ገብቶ ደጋግሞ ሞክሯል።)

ከፍተሻው በኋላ ቃሌን በመቀጠል እንዳስረዳሁት፣ የግል ተበዳይ ከመኪናዬ ሲወጣ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። ቀስ ብሎ «እናቴ የት ጋ ነበር የተቀመጠችው?» ብሎ ጠየቀኝ። መሬት ላይ በእግሬ አሳየሁት፤ ሳፋው እዚህ፣ ዱካዋ እዚህ፣ የእኔ መኪና አፍንጫ እዚህ አልኩት። ለረጅም ጊዜ ያሳየሁትን ቦታ ሲያይ ቆየ። ከዚያ «ፍሬኑን የለቀቅሁት እኔ ነኝ፤ ልቀቁ ስላላችሁኝ ለቀቅሁት» አለ። እኔም «ልቀቅ ያልንህ እኛ ነን፤ የት እንደሚለቀቅ ያልነገርንህም እኛ ነን» አልኩት። እሱ የሚለውን በራሱ አንደበት እንዲሰጥ ለመርማሪው ትቻለሁ።

ተሽከርካሪዋ ለማን ትሰጥ ተብዬ ተጠይቄ፣ በስሜ የተመዘገበች ብትሆንም ውጭ አግዳሚው ላይ ለተቀመጠችው ልጄ እንድትሰጥ ጠይቄያለሁ። ከእንግዲህ ማን ይነዳታል ብሎ የጠየቀኝ የለም። ሳልጠየቅ ግን መልሱ እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ፤ ልጄ ትነዳታለች። እኔ ከጎኗ ባለው ወንበር እቀመጣለሁ። ወንበሩን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ተቀምጬበት ግን አላውቅም።

ይህ ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኝ አዳምጬዋለሁ። የተጻፈው የተናገርኩት ነው፤ የተናገርኩትም ያየሁትና የማውቀው ነው። በሐሰት ብመሰክር በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝ፣ ገብቶኝ፣ በእጄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ተፈርሟል
የቃል ተቀባይ መርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ተሽከርካሪዋ በዚሁ ዕለት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ለምስክሩ ልጅ በፊርማ ተሰጥታለች። ወደ ኋላ መሄድ ስለማትችል ከግድግዳው እስከ መንገዱ ድረስ በእጅ ተገፍታ ወጥታለች። መሪ የያዘችው ልጅቷ ነች፤ የገፉት ምስክሩና የግል ተበዳይ ናቸው።